ጃርት፣ ጭላዳና የእናቴ ጓሮ

ጃርት ድንች ሲበላ አይቸኩልም። መደቡን ከዳር ይጀምራል፤ አፈሩን በፊት እግሮቹ ጥፍር ይገልጣል፤ ትልቁን አውጥቶ ትንሹን ያልፋል፤ አንዱን ገምጦ ይጥልና ሌላውን ይሞክራል። ጠዋት የሚገኘው የተገለበጠ አፈር፣ የጥርስ ምልክት ያረፈበት ግማሽ ድንች፣ አንዳንዴም አንድ ጥቁርና ነጭ ዥንጉርጉር እሾህ ነው። በሰሜን ሸዋ ደጋ ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ ይህን ምልክት ያውቀዋል። እናቴ ደግሞ ከሁሉ በላይ ታውቀዋለች፤ ቤቷ ከጎረቤላ ወረድ ብሎ፣ የአንኮበር ገደል ወደ ቆላው ከሚወርድበት አፋፍ አጠገብ ነውና።

አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መንገዱ ንፋስ የማይለየውን የገብስና የበግ ሜዳ ያቋርጥና ድንገት ሜዳው ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ገደልና ጉም ነው። ጉሙ በተገለጠ ቀን ከእናቴ ደጅ ቆሞ ወደ አልዩ አምባ የሚወርደውን ቁልቁለት፣ ከዚያም ማዶ የአዋሽን ሸለቆ አቅጣጫ ማየት ይቻላል። የሸዋ ነገሥታት ይህን ቦታ መዲናቸው ያደረጉት ጠላት በቀላሉ ስለማይወጣው ነው። ሰውን የሚያግደው ገደል ግን ለዱር አራዊት ቤታቸው ነው። ሌሊት ጃርቱ፣ ቀን ጭላዳው ከዚያ ይወጣል።

እኔ የምኖረውና የምሠራው ደብረ ብርሃን ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ የድንች ቅጠል በአንድ ሌሊት አቃጥሎ ያድራል። ስለዚህ አፈር መንካት ባሰኘኝ ቁጥር ወደ አንኮበር እሄዳለሁ። የእናቴ ጓሮ ሰፊ አይደለም፤ ድንች፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ሐበሻ ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዳር ዳሩን ደግሞ ዱባ አለበት። ዓመቷ የሚያልፈው ግን በእሱ ነው። የጾም ወጥ ከዚያ ይወጣል፤ ለአራስ ጎረቤት የሚላከው ጎመን ከዚያ ይቀነጠሳል፤ የተረፈው ተሽጦ ጨውና ዘይት ይገዛል። «ጥቂት ድንች ቢበላባችሁ ምን አለበት?» የሚሉኝ የከተማ ወዳጆች አሉ። የአንዲት ባልቴት ጓሮ በሁለት ሌሊት ሲገለበጥ የሚጎድለው ድንች ብቻ እንዳልሆነ ልነግራቸው እወዳለሁ። የሚጎድለው የማንንም እጅ ሳያዩ መኖር ነው።

ድንች ራሱ ለአገራችን የቅርብ እንግዳ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ጀርመናዊው የእጽዋት ተመራማሪ ሺምፐር እንደሆነ፣ ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1858 እንደሆነ ተጽፏል። መጀመሪያ ብዙ ሰው አልቀረበውም ነበር። ደጋው ላይ የተስፋፋው ክፉ ቀን ብለን በምንጠራው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ረሃብ ወቅትና ከዚያ ወዲህ ነው። ዛሬ እናቴ የምትተክላቸው ጉደኔና በለጠ ከሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡ ዝርያዎች ናቸው። ጃርቱ ግን ከድንቹ በፊት እዚህ ነበር። ሥራሥር እየማሰ፣ የዛፍ ልጥ እየላጠ፣ የወደቀ ፍሬ እየለቀመ በዚህ ገደል ስንትና ስንት ዘመን ኖሯል። ኋላ እኛ መጥተን ለስላሳና ትልቅ ሥር፣ አፈሩ በተጎለጎለ መደብ፣ ከመንገዱ ዳር ተከልን። ይህን ማሰብ ንዴቴን ባያጠፋውም ልክ ያበጅለታል።

የነገሩን መጀመሪያ ላውጋችሁ። የክረምቱ ድንች ሊወጣ ሲል፣ በጥቅምት፣ እናቴ ስልክ ደውላ «ና እንጂ ልጄ፣ ጃርቱ ጨረሰኝ» አለችኝ። ስደርስ ከቤቱ ራቅ ያለው መደብ እንደታረሰ መሬት ተገልብጧል። አጎቴ አፍታም ሳይቆይ ድንጋይ መልቀም ጀመረ፤ ጎረቤት ተጠራ፤ ጠላ ተቀዳ፤ በጓሮው ዙሪያ ወገብ የሚደርስ ካብ ተካበ። የአንኮበር ሰው ካብ ሲክብ ለልጅ ልጁ ነው የሚክበው፤ ድንጋዩ ከድንጋይ ጋር ያለ ጭቃ ይያያዛል። ሥራው ያማረ ነበር። ጃርት ግን ቆፋሪ እንጂ ዘላይ አይደለም። የካቡን ጥግ ተከትሎ ሄዶ አፈሩ ለስላሳ የሆነበትን ቦታ አገኘና ከሥር ገባ። ካቡ እንደቆመ ካሮቱ አለቀ።

ከዚያ የውሻው ነገር መጣ። ቡቺ ጅብ ሲጮኽ የማይደበቅ፣ እናቴ እንደ ልጅ የምታየው ውሻ ነበር። አንድ ሌሊት ሰንሰለቱ ተፈቶለት አደረ። ሲነጋ አፍንጫውና ጉንጩ በእሾህ ተሞልቶ፣ አንዱ ከዓይኑ ሥር ተሰክቶ፣ ከደጃፉ ተኝቶ አገኘነው። ብዙ ሰው ጃርት እሾሁን እንደ ጦር ይወረውራል ብሎ ያምናል፤ አይወረውርም። ሲጨነቅ መጀመሪያ እሾሁን አቁሞ ራሱን ያገዝፋል፤ ቀጥሎ በጅራቱ ላይ ያሉትን ውስጣቸው ባዶ የሆኑ እሾሆች እያንኮሻኮሸ ያስጠነቅቃል፤ አልሰማ ካሉት በጀርባው ወደኋላ ሮጦ ይወጋል። እሾሁ ላላ ያለ ስለሆነ በወጋው ሥጋ ላይ ይቀራል። እኔ የቡቺን አንገት አቅፌ፣ አጎቴ በጉጠት አንድ በአንድ እየነቀለ፣ እናቴ ሞቅ ያለ የጨው ውኃ ይዛ እያለቀሰች አረፈድን። ውሻው ዓይኑ ተረፈለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሌሊት ከደጃፍ አይርቅም፤ ማንም እንዲርቅ አልጠየቀውም።

በዚህ ጊዜ ምክር ከየአቅጣጫው መጣ። አንዱ ጉድጓዱን ፈልገን በበርበሬ እንጠነው አለ። ሌላው መርዝ በድንች ውስጥ አድርገን እንጣልለት አለ። መርዙን እናቴም እኔም በአንድ ቃል እምቢ አልን። መርዝ የበላ ጃርት ጉድጓዱ ውስጥ ብቻ አይሞትም፤ ሜዳ ላይ ይወድቃል፤ የወደቀውን ውሻ ይበላዋል፣ ጅብ ይበላዋል፣ ጥንብ አንሳ ይበላዋል። ከአንኮበር ገደል በላይ ከሚያንዣብቡት አሞራዎች ብዙዎቹ የሚኖሩት በሞተ ሥጋ ነው። አንድ ጓሮ ለማዳን ሰማዩን መርዝ ማብላት አይገባም።

ቀጥሎ የአክስቴ ልጅ ጥቅል ሽቦ ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ። ልጁ ቅን ነው፤ ሊረዳን ፈልጎ ነው። «አክስቴ፣ ከቆጣሪው መስመር ስበን በካቡ ዙሪያ እንዘርጋው። ሌሊት ሌሊት መብራቱን እንለቅበታለን። በማግስቱ ጃርቱን ሞቶ ታገኙታላችሁ» አለ።

እናቴ ተነስታ ሽቦውን ከትከሻው አወረደችው።

«የኔ ልጅ፣ የሚነካው ጃርቱ ብቻ መሆኑን ማን ነገረህ? ኪዳን የሚሄዱት አዛውንት በጨለማ በየት ነው የሚያልፉት? ውኃ የምትቀዳው ሕፃን ጠዋት ካቡን ተደግፋ አይደል የምታርፈው? በሰው ደም የዳነ ድንች በቤቴ አይቀቀልም።»

ልጁ ዝም አለ። እኔ ግን ይህ ነገር በእኛ ቤት ብቻ እንዳላለቀ ስለማውቅ ዝም ማለት አልችልም። ከቆጣሪ ተስቦ አጥር ላይ የሚለቀቅ ኃይል ለምን ገዳይ እንደሆነ እያንዳንዱ ባለ ጓሮ ሊያውቅ ይገባል። የቤታችን ኤሌትሪክ 220 ቮልት ነው፤ በየሰከንዱ 50 ጊዜ እየተመላለሰ ያለ ማቋረጥ ይፈስሳል። ይህ ኃይል ሰውን ሲይዝ የእጅ ጡንቻ ይኮማተራል፤ የያዘውን ሽቦ ልልቀቅ ቢልም ጣቱ አይታዘዘውም። ልብን ለማወክ ደግሞ ብዙ አይፈልግም፤ ከአንድ አምፔር በጣም ያነሰ፣ 0.05 አምፔር እንኳ ሊበቃ ይችላል። «ሰው ቢነካው ማብሪያ ማጥፊያው ይወድቃል» የሚሉ አሉ። አይወድቅም። የተለመደው የቤት ማቋረጫ የሚወድቀው ከ10 ወይም ከ16 አምፔር በላይ ሲያልፍበት ነው፤ ይህም ሰው ከሚገድለው መጠን በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። ማቋረጫው የተሠራው ሽቦው ግሎ ቤት እንዳያቃጥል እንጂ የሰው ልብ እንዳይቆም አይደለም። ጠል ባረጠበው ሣር ላይ በባዶ እግሩ የቆመ ሰው ይህን አጥር ቢነካ ማንም አይደርስለትም። ሊያላቅቀው የሮጠውም አብሮት ይቀራል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል፤ «ለጃርት ነበር የዘረጋሁት» ማለት ከተጠያቂነት አያድንም። ከሕጉም በላይ በአንድ ቀበሌ አብሮ መኖር አለ።

በዚህ ሁሉ መካከል ነው ወንድሜ ለጥምቀት ከአሜሪካ የመጣው። የሚኖረው ሜሪላንድ ነው፤ እሱም ከቤቱ ጀርባ በቆሎና ጎመን ይተክላል። የእናቴን ችግር በስልክ ሰምቶ ኖሮ ሻንጣውን ሲከፍት ከልብሱ መካከል የጫማ ካርቶን የምታህል፣ በላይዋ የፀሐይ ሰሌዳ ያላት የኤሌትሪክ አጥር ማሽን አወጣ። እሱ አገር ራኩን የሚባል እንስሳ አለ። ከዓይኖቹ ዙሪያ ጥቁር መስመር ያለው፣ የፊት እግሮቹን እንደ እጅ የሚጠቀም፣ ክዳን የሚከፍት፣ ዛፍም አጥርም የሚወጣ የሌሊት እንስሳ ነው። በቆሎው እሸት ሆኖ ነገ ልቁረጠው ሲባል ዛሬ ማታ ይቀድማል። ወንድሜ ብዙ አጥር ሞክሮ ያዳነው በዝቅታ የተዘረጋ ሽቦና ይህች ማሽን እንደሆነ ነገረን።

እናቴ «ኤሌትሪክ» የሚለውን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። «የአክስትህን ልጅ የከለከልኩትን አንተ ከአሜሪካ ድረስ ይዘህልኝ መጣህ?» አለችው። እዚህ ላይ ነው ነገሩን አስረግጬ ማስረዳት የምፈልገው፤ በስም አንድ ይሁኑ እንጂ ሁለቱ እንደ ሰማይና ምድር ይራራቃሉ። የአጥር ማሽን የሚልከው የቮልት መጠን ከ5 ሺህ እስከ 8 ሺህ ሊደርስ ይችላል፤ ይህን ቁጥር የሰማ ይደነግጣል። ግን ኃይሉን የሚልከው ያለ ማቋረጥ አይደለም። ከሰከንድ አንድ ሺሕኛ ለማይሞላ ቅጽበት ይመታና አንድ ሰከንድ ያህል ያርፋል፤ እንደገና ይመታና ያርፋል። በእያንዳንዱ ምት የሚለቀው ኃይል ጥቂት ነው፤ ዓለም አቀፉ መመዘኛ ትልቁን ማሽን እንኳ ከ5 ጁል እንዳያልፍ ይገድባል፤ የጓሮዋ ማሽን ከአንድ ጁልም ታንሳለች። ምቱ ያማል፤ ያስደነግጣል፤ ጡንቻውን ግን ይዞ አይቀርም። ነፍስ የሚያተርፈው በምትና በምት መካከል ያለው ዕረፍት ነው። በዚያች ሰከንድ ውስጥ የነካው ሁሉ አፈግፍጎ መሄድ ይችላል።

ይህ ዘዴ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። በኒው ዚላንድ ጋላገር የሚባል ገበሬ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ ፈረሱ መኪናውን እየታከከ ሲያስቸግረው ከመኪናው ጋር የሚያስደነግጥ መሣሪያ አያያዘና ፈረሱን አስተወው፤ ከዚያ ሐሳብ ተነስቶ የአጥር ማሽን ፋብሪካ አቋቋመ። ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ በአበርዴር ተራሮች ዙሪያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1989 ተጀምሮ በ2009 ያለቀ፣ 400 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የኤሌትሪክ አጥር አላት። ዝሆኑ ወደ ሰው እርሻ እንዳይወርድ፣ ሰውም ደኑን እንዳይጨርስ የሚከለክል አጥር ነው። ዝሆንን ሳይገድል የሚመልስ አጥር ጃርትን እንደሚመልስ ማመን አልከበደኝም።

የባሕር ዛፍ ካስማ ቆረጥን። ሽቦው እንጨቱን እንዳይነካ በየካስማው ፕላስቲክ መያዣ መታን። የመጀመሪያውን ሽቦ ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለተኛውን 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ዘረጋን። ልኩ እንዲህ የሆነበት ምክንያት አለው። ጃርት ከጎንና ከኋላ በእሾህ የተሸፈነ ስለሆነ ሽቦው ጀርባውን ቢነካው ምቱ አይሰማውም፤ መንካት ያለበት እርጥብ አፍንጫውን ነው። ከዚያ ከማሽኑ የሚወጣውን ሁለተኛ ሽቦ ከረጅም ብረት ጋር አስረን ብረቱን መሬት ውስጥ ቀበርነው፤ ኤሌትሪሺያኖች ኧርዝ የሚሉት ነው። ኃይሉ ከሽቦው በእንስሳው ገላ አልፎ፣ በእግሩ ወደ አፈሩ ገብቶ፣ በአፈሩ ውስጥ ተመልሶ ወደ ብረቱ ካልደረሰ ዑደቱ አይሞላም። ወፍ ሽቦው ላይ ብታርፍ ምንም የማይሰማት ለዚህ ነው፤ መሬት አልነካችማ።

ወንድሜ በዓሉን አክብሮ ተመለሰ፤ አጥሩ ለእኔና ለእናቴ ቀረ። በበጋው ፀሐይ ማሽኗ ቲክ ቲክ እያለች ከረመች። የበልጉ ዝናብ ሲገባ ግን የአንኮበር ጉም መጣ። የአንኮበርን ጉም ያላየ ሰው ጉም አይቻለሁ አይበል። ከገደሉ ሥር ተነስቶ ደጁን ሲሞላው እናቴ ከበሩ ቆማ በአሥር እርምጃ ያለውን የጎመን መደብ አታየውም። ጉሙ ሲሰነብት የፀሐይ ሰሌዳው የሚጠጣው ብርሃን አጣ፤ ባትሪው ደከመ። በዚያ ላይ ዝናቡ ሣሩን አበቀለው፤ ሣሩ አድጎ የታችኛውን ሽቦ ነካ፤ እርጥብ ሣር የነካው ሽቦ ኃይሉን ሁሉ ወደ መሬት ያፈስሳል። የማሽኗ ድምፅ እየሳሳ ሄደ። በዚያ ሰሞን ጃርቱ ተመልሶ ገባና አዲስ የበቀለውን ድንች ከሥሩ ማሰው።

መፍትሔው ሌላ ማሽን አልነበረም፤ መፍትሔው ማጭድ ነበር። እናቴ ከሽቦው ሥር ያለውን ሣር በየሳምንቱ ማጨድ ሥራዬ ብላ ያዘች፤ ያጨደችው ሣር ለላሟ ሆነ። እኔ ከደብረ ብርሃን ስመጣ ከመብራት የሚሞላ ትርፍ ባትሪ ይዤ እመጣለሁ፤ ጉም በሰነበተ ቁጥር ይለወጣል። በበጋ ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል፤ አፈሩ ሲደርቅ ኃይል አያስተላልፍም፤ እንስሳው ሽቦውን ቢነካም ምቱ ይለሰልሳል። ያኔ የተቀበረው ብረት ዙሪያ የእቃ እጣቢ ውኃ ይፈስሳል። አጥር ተዘርግቶ የሚረሳ ነገር አይደለም። እንደ ላም ነው፤ ካልጠበቁትና ካላበሉት አይታለብም።

ከዚያ የጎረቤታችን የጋሼ አህያ ጉዳይ አጋጠመ። ጋሼ ከምንጭ ውኃ በጀሪካን ጭነው በካቡ ጥግ ሲያልፉ አህያዋ የጎመኑ ሽታ ጠራትና አንገቷን ዘርግታ በአፍንጫዋ ሽቦውን ነካች። የሆነው በቅጽበት ነው። አህያዋ ጮኻ ዘለለች፤ ጭነቱ ተገለበጠ፤ ጀሪካኖቹ ከካቡ ጋር ተላትመው ፈነዱ፤ እሷም ቁልቁለቱን ይዛ ጠፋች። ልጆች ተከትለዋት ሮጡ። ጋሼ በትራቸውን ይዘው ደጃችን ቆሙ።

«እንዴት ያለ ነገር ነው በሰው መንገድ ያቆማችሁት? ዛሬ አህያዬ ናት፤ ነገ የልጅ ልጄ ቢሆንስ?»

ጥያቄያቸው ትክክል ነበር፤ እናቴ ለአክስቴ ልጅ ያነሳችው ያው ጥያቄ ነው። አህያዋ ተገኘች፤ ሰላም ነበረች፤ ሣር እየጋጠች ነው የተገኘችው። እኔ ግን ጎረቤቶች በተሰበሰቡበት፣ ማሽኗ እየሠራች፣ እጄን ዘርግቼ ሽቦውን ነካሁት። ምቱ እስከ ክርኔ ዘለቀ፤ እጄ ሳላዘው ተመለሰ፤ ትንፋሼ ለአፍታ ተያዘ። ከዚያ አለፈ። ጣቶቼን አንድ በአንድ አንቀሳቅሼ አሳየኋቸው። ጋሼ ለረጅም ጊዜ እጄን አይተው «ሰው የማይገድል ከሆነ ይቁም፤ ግን ሰው ሁሉ እንዲያውቀው ይሁን» ብለው ፈረዱ። በዚያው ተስማማን። ሽቦው ከመንገዱ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ፤ በየካስማው ቀይ ጨርቅ ታሰረ፤ በሰሌዳ ላይ ማስጠንቀቂያ ተጻፈ፤ ማሽኗ ጀምበር ስትጠልቅ እንድትበራ፣ ሲነጋ እንድትጠፋ ሆነ፤ ልብ የታመመ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነ ሰው ፈጽሞ እንዳይጠጋው ለሰፈሩ ተነገረ። ጀሪካኖቹን ገዝተን ተካን። ልጆችም አጥሩ ምን እንደሆነ ከእናቴ አፍ ሰሙ።

ሣሩ ከታጨደ፣ ባትሪውም ከተሞላ በኋላ አንድ ጠዋት የጃርቱን ዱካ በእርጥብ አፈር ላይ አገኘን። ከገደሉ ወጥቶ፣ የለመደውን መንገድ ይዞ፣ ሽቦው ድረስ መጥቷል። እዚያ አፈሩ በጥፍር ተቧጥጧል፤ ሁለት እሾሆች ወድቀዋል። ዱካው ከዚያ ዞሮ ተመልሷል። በሚቀጥሉት ሳምንታት በሩቅ ሲያልፍ እንጂ ወደ ሽቦው ሲጠጋ አላየንም። የሰኔው ድንች ለቤትም ለገበያም በቃ።

እኔ ስለዚህ ነገር ብዙ አስቤያለሁ። ጃርት ወንዱና ሴቷ ጥንድ ሆነው የሚኖሩ፣ በአንድ ጉድጓድና በአንድ መንገድ የሚጸኑ፣ ልጆቻቸውን አብረው የሚያሳድጉ እንስሳት ናቸው። አንዱ ቢሞት ጉድጓዱ ባዶ አይቀርም፤ ሌላ ይመጣበታል። አዲሱ ስለ ሽቦው፣ ስለ ውሻው፣ ስለ እናቴ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ሁሉን ከመጀመሪያው ይሞክራል። በሕይወት ያለውና የተመታው ጃርት ግን ያውቃል። መንገዱን ይለውጣል፤ ቦታውን ግን ይዞ ይኖራል። የሞተ ጃርት ምንም አይማርም፤ ጓሮ የሚጠበቀው በሚያስታውስ ጃርት ነው።

ሽቦው ለሌሊቱ መልስ ሆነ። ቀኑ ግን የጭላዳ ነው። ገብስ ሊደርስ ሲል ጭላዳዎች ከሚያድሩበት ገደል ወጥተው ፀሐይ ሲሞቁ ይቆያሉ፤ ከዚያ በመንጋ ወደ ሜዳው ይሰማራሉ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ በዱር የትም አይገኝም። ከምግቡ አብዛኛው ሣር ነው፤ ቁጭ ብሎ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ አንድ አንዷን ሣር እየነጨ ይበላል። ለእሱ ገብስ ረጅም፣ ፍሬ ያለው ሣር ነው። ሽቦው ቀን አይበራም፤ ቢበራም ብዙ አይረዳም ነበር። ጭላዳ ከካቡ ላይ ዘሎ ካስማው ላይ ያርፋል፤ እንጨት ላይ ያለ እንስሳ መሬት ስላልነካ ምቱ አያገኘውም።

በኅዳር አንድ ቀን መንጋው ከላይኛው የገብስ ማሳ በወንጭፍ ሲባረር በቀጥታ በእናቴ ጓሮ ላይ ወረደ። ካቡ ላይ፣ ካስማው ላይ፣ የዱባው ሐረግ ላይ፣ የጎመኑ መደብ ላይ ጭላዳ ሆነ። ሽቦው ተበጠሰ፤ ነጭ ሽንኩርቱ ተረጋገጠ፤ ዱባው ከገደል ተንከባለለ። እናቴ ነጠላዋን እያወዛወዘች ስትሮጥ ከሥር ያሉት ሰዎች ደግሞ ከእርሻቸው ወደ ላይ አባረሯቸው። መንጋው ለሁለተኛ ጊዜ በጓሯችን አለፈ። ያን ቀን ያየሁት ትልቁ ጥፋት የእንስሳቱ አልነበረም። እያንዳንዳችን ከራሳችን ማሳ ወደ ጎረቤታችን ማሳ ነው ያባረርናቸው።

ይህን ሳስብ ትዝ የሚለኝ ከእኛ በስተሰሜን፣ መንዝ ያለው ጓሳ ነው። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ያ የሣር ምድር ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ያለ አጥር ተጠብቆ ኖሯል። የጠበቀው ሕዝቡ ራሱ ያጸናው የቄሮ ሥርዓት ነው፤ ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ መቼ እንደሚከፈት በጋራ ይወሰናል፤ የጣሰ ይቀጣል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ኅብረተሰቡ ዛሬም በጋራ ይጠብቀዋል። በዚያ ሜዳ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ጎን ለጎን ይውላሉ። ተመራማሪዎች እንዳጠኑት ቀበሮው ብቻውን አይጥ ሲያድን ከመቶ 25ቱ ሙከራ ሲሳካለት፣ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ ሲያድን 67ቱ ይሳካለታል። ጭላዳው የሚጎዳን በእርሻችን ላይ ሲሆን ነው፤ በገዛ ሜዳው የሌላውን ሕይወት ይደግፋል።

ስለዚህ ተሰብስበን መከርን። የሰፈሩ ባለ ማሳዎች በገብስ ወራት ተራ ያዝን። ጠባቂው ከማሳው በላይ ሳይሆን ከአፋፉ በኩል ቀድሞ ይቆማል፤ መንጋው ገና ከገደሉ ሲወጣ ያየዋል፤ በጅራፍ ድምፅና በእልልታ ወደ ግጦሹ በኩል ይመልሰዋል እንጂ ወደ ማንም ማሳ አይነዳውም። ወንጭፍ ቢያዝም ድንጋዩ መሬት ላይ ይወረወራል እንጂ ገላ ላይ አይደለም። ልጆቹ ትምህርት እንዳይቀሩ ጥዋቱን ትልልቆቹ፣ ከሰዓት በኋላውን ልጆቹ ወሰዱ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እንዲህ ላለው ነው። ከዚያ ወዲህ ጭላዳ አልገባም አልልም፤ የገባው ግን በጥቂቱ ነው፤ ጎረቤትም ከጎረቤት አልተጣላም።

እንግዲህ ለባለ ጓሮዎች ሁሉ ይህን እላለሁ። ከቆጣሪ ሽቦ ስባችሁ አጥር ላይ አትልቀቁ፤ የለቀቀ ካያችሁም ዛሬውኑ አስነሱት፤ የሚሞተው ጃርት ብቻ አይደለም። የኤሌትሪክ አጥር ከፈለጋችሁ ኃይሉን እየቆራረጠ የሚልከውን፣ ለአጥር ተብሎ የተሠራውን ማሽን ፈልጉ፤ ከመዘርጋታችሁ በፊት ለጎረቤት ንገሩ፤ ከሥሩ ያለውን ሣር እጨዱ። የግብርና ባለሙያዎቻችን የተሻሻለ ዘር እንዳመጡልን ሁሉ ይህን ማሽንም ለገበሬው በሚቀርብ ዋጋ እንዲያስለምዱልን፣ የፀሐይ ኃይል ዕቃ አስመጪዎችም ከአምፖሉና ከሬዲዮው ጎን እንዲያስቡት እለምናለሁ። ሌሊቱን ለሽቦው ስጡ፤ ቀኑን ግን ተራ ግቡበት። ጎረቤት ያልጠበቀውን ማሳ ምንም አጥር አይጠብቀውም።